የተተወ ማዕድንና የአፈሩ ምርመራ

የተተወ ማዕድን የሚባለው ቁፋሮው ቆሞ፣ ሠራተኛው ተበትኖ፣ ለቀረው ነገር የሚጠየቅ ባለቤት የጠፋበት ሥፍራ ነው። «ማዕድን» የሚለው ቃል ለሐርጌሳ ነዋሪ እንግዳ አይደለም፤ አማርኛውም፣ የሶማሊኛው «መዕደን»ም፣ የዓረብኛው «መዕዲን»ም ዘመዳሞች ናቸው። ሶማሊኛ ከዚህ ሌላ «ሚኖ» የሚል ቃል አለው፤ እሱ ግን መሬት ውስጥ የተቀበረ ፈንጂ ነው። በሶማሊላንድ የተተወ ሥፍራን የሚያስስ ሰው ሁለቱንም ቃላት ማወቅ ግድ ይለዋል። ምክንያቱ በቦታው ይነገራል። በዚህ ዲስኩር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ማዕድን ሲተው የሚቀረው ጉድጓዱ ብቻ አይደለም። አምስት ነገሮች ይቀራሉ፦ አንደኛ ጉድጓዱና የመሬት ውስጥ መሹለኪያው፤ ሁለተኛ ማዕድን የለበትም ተብሎ የተጣለው የድንጋይ ክምር፤ ሦስተኛ ድንጋዩ ተፈጭቶ ማዕድኑ ከወጣለት በኋላ የተደፋው ዝቃጭ፤ አራተኛ የወፍጮው፣ የማቅለጫውና የኬሚካል መጋዘኑ ግቢ፤ አምስተኛ ማዕድኑ የተጓጓዘበት መንገድ። ከአምስቱ ብዙውን ጊዜ አስጊው ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱ ከስፋት የሚመጣ ነው። ጎኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ ድንጋይ አጠቃላይ ገጹ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ያው ድንጋይ ጎናቸው 0.1 ሚሊሜትር በሆኑ ቅንጣቶች ቢፈጭ ገጹ 600 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል፤ መቶ እጥፍ ማለት ነው። ለሚሊዮን ዓመታት በአለት ልብ ውስጥ ታሽጎ የኖረ ንጥረ ነገር በአንድ ጊዜ በመቶ እጥፍ ገጽ ከአየር፣ ከውሃና ከነፋስ ጋር ይገናኛል። የተቆፈረው ድንጋይ የዱሮው ነው፤ ባሕርዩ ግን ተለውጧል።

የአፈር ምርመራ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ይመልሳል። የመጀመሪያው «ምን አለ?» ነው፤ ይህ የምንጩ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው «ይንቀሳቀሳል ወይ? በምን?» ነው፤ ይህ የመንገዱ ጥያቄ ነው። ሦስተኛው «የሚደርሰው ከማን ዘንድ ነው?» የሚለው የተቀባዩ ጥያቄ ነው። ሦስቱ ካልተገናኙ ጉዳት የለም፤ በአጥር የተከለለና በአለት የተሸፈነ መርዝ ማንንም አያገኝም። በአንጻሩ መጠኑ ያነሰ መርዝ ልጆች በሚጫወቱበት አቧራ ውስጥ ከሆነ በየቀኑ ወደ አፍ ይገባል። ብዙ ምርመራ ዋጋ የሚያጣው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ቆሞ ስለሚቀር ነው።

ምን እንደሚፈለግ የሚወስነው የማዕድኑ ዓይነት ነው። የወርቅ ቦታ ከሆነ አርሴኒክ ይፈለጋል፤ ወርቅን ከሚያጅቡት ድንጋዮች አንዱ አርሴኒክ የተሸከመው አርሴኖፓይራይት ነውና። በእጅ የሚሠሩ ወርቅ አውጪዎች ብዙ ጊዜ ወርቁን የሚያነጥሩት በባዘቃ፣ ማለትም በሜርኩሪ፣ ስለሆነ እሱም ይፈለጋል። በፋብሪካ ደረጃ የተሠራ ከሆነ ሳያናይድ ይጨመራል። ሳያናይድና ባዘቃ በጠባያቸው ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው በፀሐይ ብርሃንና በአየር ስለሚበላሽ ከዓመታት በኋላ በገጸ ምድር አፈር ላይ እምብዛም አይገኝም፣ ሁለተኛው ግን ንጥረ ነገር ስለሆነ ከቶ አይጠፋም፤ መልኩን ብቻ ይለዋውጣል። የእርሳስና የዚንክ ማዕድን ከሆነ ከሁለቱ ጋር ካድሚየም ይመረመራል። ፔግማታይት ከሚባለው ትልልቅ ክሪስታል ካለው አለት ታንታለም፣ ቆርቆሮ ወይም የከበሩ ድንጋዮች የወጡበት ሥፍራ ከሆነ ደግሞ ዩራኒየምና ቶሪየም ሊኖሩ ስለሚችሉ የጨረር መለኪያ መያዝ ያስፈልጋል። በደቡብ ኢትዮጵያ ጉጂ ዞን የሚገኘው የቀንጢቻ ታንታለም፣ በሶማሌ ምድር ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ተራሮች ያለው የማጃያሃን ቆርቆሮ፣ ሁለቱም ከዚህ የአለት ቤተሰብ ናቸው። የጂፕሰም፣ የጨውና የግንባታ ድንጋይ ቁፋሮ ግን ከከባድ ብረቶች ይልቅ የጨዋማነት፣ የአቧራና የገደል ጉዳይ ያመጣል።

አሰሳ የሚጀምረው ከዶማ በፊት ነው፤ «ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» እንዲሉ። ሥፍራው መቼ ተከፈተ፣ ምን ወጣበት፣ በምን ዘዴ ተጣራ፣ ዝቃጩ የት ተደፋ፣ ለምንስ ተዘጋ የሚሉት ጥያቄዎች ከካርታ፣ ከአሮጌ ሪፖርት፣ ከሳተላይት ምስልና ከሽማግሌዎች ትዝታ ይሰበሰባሉ። ወረቀት የማይመዘግበውን እረኛ ያውቃል፤ ፍየል የማይበላው ሣር የት እንደሚበቅል፣ ከዝናብ በኋላ የትኛው ኩሬ ቀለሙ እንደሚለወጥ፣ ቀድሞ በርሜል የተቀበረው በየትኛው በኩል እንደሆነ የሚናገር እሱ ነው።

ታሪክን የማወቅ ጥቅም በዳሎል ጎልቶ ይታያል። በአፋር በረሃ ከባሕር ወለል በታች ባለው በዚህ ሥፍራ የኢጣሊያ ኩባንያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለማዳበሪያ የሚሆን ፖታሽ ማውጣት ጀመረ። በ1918 ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከመርሳ ፋጡማ ወደብ ተነስቶ ከዳሎል 28 ኪሎሜትር ያህል እስኪቀረው የሚደርስ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። ከጀርመን፣ ከአሜሪካና ከሶቭየት ኅብረት ብዙ ፖታሽ ገበያ ላይ ሲውል ሥራው ቆመ። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ የአሜሪካው ፓርሰንስ ኩባንያ እንደገና ቆፍሮ እሱም ትቶት ሄደ። ከ1960 እስከ 1966 እዚያው የተመዘገበው ዓመታዊ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር፤ ሰው ከሚኖርባቸው ሥፍራዎች ሁሉ ከፍተኛው ተብሎ ይጠቀሳል። ዛሬ ከጨው ጡብ የተሠሩት የሠራተኛ ቤቶች ግድግዳ፣ የዛጉ ማሽኖችና ተሽከርካሪዎች ቀርተዋል።

በዚህ ሥፍራ ታሪክ ሳያውቅ አፈር የሚለካ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። በዳሎል ኮረብታ ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ ቀለም የተቀባ የሚመስል ፍል ውሃ አለ፤ አሲዳማነቱ በፒኤች መለኪያ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ብረትም ሞልቶበታል። ሌላ ቦታ ቢሆን እንዲህ ያለ ውጤት «ማዕድን አውጪው አበላሸው» ለማለት በቂ ነበር። ዳሎል ላይ ግን አሲዱን የሚያፈልቀው ከታች ያለው እሳተ ገሞራዊ ሙቀት ነው፤ ሰው ዶማ ሳያነሳም እንዲሁ ነበር። የአፈር ምርመራ ዋና ደንብ ከዚህ ይወጣል፦ አንድ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ተፈጥሮ ራሷ ካስቀመጠችው መነሻ መጠን ጋር መነጻጸር አለበት።

ታሪኩ ከታወቀ በኋላ ወደ ሥፍራው ይኬዳል፤ እዚህ ላይ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይሠራል። ከመሐመድ ሞጌም ሆነ ከሌላው የሐርጌሳ ክፍለ ከተማ ተነስቶ ወደ ገጠር ለሚወጣ ቡድን የመጀመሪያው ጥያቄ የማዕድኑ ሳይሆን የፈንጂው ነው። በ1977 እና በ1978 የኦጋዴን ጦርነት ጊዜ፣ ከዚያም በ1988 ሐርጌሳን ባፈረሰው ጦርነት በየመንገዱ፣ በየጦር ሠፈሩና በውሃ ነጥቦች ዙሪያ ፈንጂ ተቀብሯል። ሃሎ ትረስት የተባለው የፈንጂ አምካኝ ድርጅት ከ1999 ጀምሮ በሶማሊላንድ እየሠራ ነው። ስለዚህ ሥፍራው የጸዳ ስለመሆኑ ከሚመለከተው አካልና ከአካባቢው ሰው ሳይረጋገጥ እግር አይገባም፣ ናሙናም አይቆፈርም። የተረገጠ የከብት መንገድ መያዝ ልማድ ነው፤ ማረጋገጫ ግን አይተካም።

ሁለተኛው አደጋ የማዕድኑ የራሱ ነው። ያረጀ የጣውላ ድጋፍ ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ በስብሷል። ቀጥ ብሎ የወረደ ጉድጓድ በቅጠልና በአሸዋ ተሸፍኖ ወለል ይመስላል። ከሁሉ የሚያታልለው አየሩ ነው። ጤነኛ አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለው፤ ባልተናፈሰ መሹለኪያ ውስጥ የሚበሰብሰው እንጨትና ከአየር የሚዋሐደው ድንጋይ ኦክስጅኑን ይበላሉ፣ ከአየር የሚከብደው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ወለል ላይ ይተኛል። 19.5 በመቶ የደኅንነት ወሰን ተብሎ ይወሰዳል። ይህ አየር ሽታም ቀለምም የለውም፤ አንዱ ሲወድቅ ሊያነሳው የሚገባው ሌላውም የሚወድቀው ለዚህ ነው። የአፈር ምርመራ ደግሞ መሹለኪያ ውስጥ መግባትን አይጠይቅም። የሚፈለገው አፈር ሁሉ ውጭ ነው፤ ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ አይገባም።

በሥፍራው ላይ የመጀመሪያው መሣሪያ ዓይን ነው። ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ደለል ድኝና ብረት የያዘው ፓይራይት የተባለው ድንጋይ ከአየርና ከውሃ ተገናኝቶ አሲድ ማውጣቱን ያመለክታል። አረንጓዴና ሰማያዊ ቅርፊት የመዳብ ምልክት ነው። በደረቁ ወራት ከመሬት የሚወጣ ነጭ ዱቄት ጨው ነው። ምንም ያልበቀለበት ግራጫ ሜዳ፣ ሲረግጡት እንደ ጤፍ ዱቄት ቡን የሚል ከሆነ፣ ዝቃጭ ነው። ዓይን ከአፈሩ በተጨማሪ ሰውንም ያያል፦ የቅርቡ ቤት ስንት እርምጃ ይርቃል፣ ልጆች የት ይጫወታሉ፣ ፍየልና ግመል የት ይውላሉ፣ ከዝቃጩ ለምርጊት ወይም ለጡብ የወሰደ ሰው አለ ወይ? ዝናብ የሞላው የቁፋሮ ጉድጓድ ለአርብቶ አደር «በሊ» ይሆናል፤ ሶማሌዎች ለከብት ውሃ ቆፍረው ለሚያቆሩት ኩሬ የሚሰጡት ስም ነው። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ካለ ከአፈሩ ጋር ውሃውም ይመረመራል። የሚታየው ሁሉ በንድፍ ካርታ ላይ ይሰፍራል፣ በጂፒኤስ ቦታው ይያዛል፣ ፎቶ ይነሳል።

ቀጥሎ የናሙና ዕቅድ ይወጣል። ሥፍራው በባሕርዩ ይከፋፈላል፤ የዝቃጭ ሜዳው አንድ ክፍል፣ የድንጋይ ክምሩ ሌላ፣ የወፍጮው ግቢ ሌላ፣ በነፋስ አቅጣጫ ያለው መንደር ሌላ ይሆናል። ከእነዚህ ተለይቶ የግድ የሚያስፈልገው የንጽጽር ናሙና ነው፤ ዓይነቱ ከሥፍራው አለት ጋር ተመሳሳይ፣ ነገር ግን ነፋሱም ውሃውም ከማዕድኑ ተነስቶ ከማይደርስበት ቦታ የሚወሰድ አፈር ነው። እዚህ ላይ የተለመደ ስህተት አለ፤ የንጽጽሩን አፈር ከከተማ መውሰድ። የመሐመድ ሞጌ መንደር መንገድ አፈር ለሩቅ የማዕድን ቦታ ንጽጽር ሊሆን አይችልም። የከተማ አፈር የራሱ ታሪክ አለው፤ እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን ለአሥርት ዓመታት ሲቃጠል ኖሯል፣ ከሰሐራ በታች ካሉት አገሮች ገበያ የወጣው በ2000ዎቹ አጋማሽ ነው፣ በዓለም ላይ በማደያ መሸጡ ለመጨረሻ ጊዜ የቆመው ደግሞ በ2021 አልጄሪያ ውስጥ ነው። የመኪና ባትሪ የሚጠገንበት ደጃፍ፣ የተቃጠለ ቆሻሻ፣ የተፋቀ ቀለም፣ የጦርነት ፍርስራሽ ሁሉ በከተማ አፈር ላይ አሻራ ይተዋሉ። ከዚህ ጋር የተነጻጸረ ማዕድን ንጹሕ ሊመስል ይችላል።

ወቅትም ይመረጣል። በሰሜኑ የሶማሌ ምድር ዓመቱ በአራት ይከፈላል፤ ጂላል የሚባለው ደረቅ ወቅት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት አካባቢ፣ ጉ የሚባለው ዋነኛ ዝናብ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፣ ቀጥሎ ነፋሻው ሐጋ፣ ከዚያ አጭሩ ዝናብ ደይር። በጂላል መጨረሻ ጨውና የሚሟሙ ብረቶች በትነት እየተሳቡ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ያኔ የተለካ ገጸ አፈር ከፍተኛውን መጠን ያሳያል። ከጉ ዝናብ በኋላ ያው ቦታ ታጥቦ ዝቅ ይላል፣ የታጠበውም በቶጉ፣ ማለትም በደረቁ ወንዝ፣ ደለል ውስጥ ይገኛል። ሐርጌሳን መሐል ለመሐል የሚያቋርጠው ማሮዲ ጄሕ ዓይነት ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ሆኖ ይከርማል፤ በጎርፍ ቀን ግን ከላይ ያለውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ መለካት፣ በጂላል መጨረሻና ከጉ በኋላ፣ ከአንድ ጊዜ ብዙ ናሙና የበለጠ ያስረዳል።

አወሳሰዱ ቀላል ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። መሣሪያው ከማይዝግ ብረት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ የእጅ አካፋ ነው፤ በዚንክ የተለበጠ አካፋ ራሱ ዚንክ ይጨምራል። ጥያቄው ልጆች የሚነኩት አቧራ ከሆነ ከላይ 2 ሴንቲሜትር ብቻ ይጠረጋል፤ ጥያቄው ስለ እርሻ ከሆነ እስከ 20 ሴንቲሜትር ይወሰዳል፤ ብክለቱ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ለማወቅ ከዚያም ይወረዳል። ጥልቀቶቹ አይደባለቁም። ከአንድ ክፍል ውስጥ በዚግዛግ እየተሄደ ከአሥር እስከ ሠላሳ ከሚሆኑ ነጥቦች እኩል እኩል ተወስዶ በአንድ ንጹሕ ባልዲ ይቀላቀላል፤ ከዚያ ግማሽ ወይም አንድ ኪሎ ያህል ይለያል። ይህ ድብልቅ ናሙና የክፍሉን አማካይ ያሳያል። ልጅ የሚጫወትበት ወይም በግልጽ የተበከለ ነጥብ ካለ ግን አማካዩ ውስጥ እንዳይጠፋ ለብቻው ይወሰዳል። ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ሲታለፍ መሣሪያው ይታጠባል፣ ጓንቱ ይቀየራል። ሁልጊዜ ንጽጽሩ መጀመሪያ፣ ቆሻሻው መጨረሻ ይወሰዳል። ከረጢቱ ላይ ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ ቀኑና የወሰደው ሰው ፊርማ በማይለቅ ቀለም ይጻፋሉ። ከየአሥሩ ወይም ከየሃያው አንዱ ናሙና ሁለት ጊዜ ተወስዶ ቤተ ሙከራው ሳያውቅ በተለየ ቁጥር ይላካል፤ ሁለቱ ውጤቶች ከተራራቁ ከአወሳሰዱ ወይም ከመለኪያው አንዱ ችግር አለበት።

በሥፍራው ላይ ሊሠሩ የሚችሉ አራት ምርመራዎች አሉ። የመጀመሪያው ፒኤች ነው፤ አንድ እጅ አፈር በሁለት እጅ ተኩል ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ጥቂት ቆይቶ ይለካል። ሁለተኛው ጨዋማነት ነው፤ ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ይለካል፣ በውሃ ከተጠገበ አፈር የተጨመቀው ፈሳሽ በሜትር ከ4 ዴሲሲመንስ ሲያልፍ አፈሩ ጨዋማ ይባላል። ሦስተኛው የኖራ ምርመራ ነው፤ ጥቂት ጠብታ የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲፈስበት አፈሩ ከፈላ ኖራ አለበት። አራተኛው በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መለኪያ ነው፤ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የእርሳስ፣ የዚንክ፣ የመዳብና የአርሴኒክ መጠን ያነባል። ይህ መሣሪያ የምርመራውን መልክ ለውጧል፤ ወሰኑ ግን መታወቅ አለበት። አፈሩ ከ20 በመቶ በላይ እርጥብ ከሆነ ንባቡ ዝቅ ይላል፤ ለሜርኩሪና ለካድሚየም ጥቂት መጠን ደካማ ነው፤ ሳያናይድን ከቶ አያይም። ስለዚህ ሥፍራውን ለመቃኘትና ናሙና የት እንደሚወሰድ ለመምረጥ ያገለግላል፤ የመጨረሻው ቃል የቤተ ሙከራው ነው።

ቤተ ሙከራ የገባው አፈር በጥላ ይደርቃል፣ ጓሉ ይፈረፈራል፣ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ይነፋል። ለእርሳስ ከሆነ እንደገና በ150 ማይክሮሜትር ወንፊት ይነፋል፤ በልጅ እጅ ላይ ተጣብቆ አፍ የሚገባው ይህ ደቂቁ ክፍል ነውና። ቀጥሎ በሃይድሮክሎሪክና በናይትሪክ አሲድ ቅልቅል እየተፈላ ይሟሟል፣ ፈሳሹም በአቶሚክ አብዞርፕሽን ወይም በፕላዝማ መሣሪያ ይነበባል። ሜርኩሪ በሙቀት ስለሚተን ለብቻው በቀዝቃዛ ዘዴ ይመረመራል። ቤተ ሙከራው ከናሙናዎቹ ጋር ምንም የሌለበት ባዶ ናሙናና መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ የማመሳከሪያ አፈር ያካትታል፤ የእነዚህ ውጤት ያልተያያዘበት ሪፖርት ማኅተም ቢኖረውም ግማሽ ሪፖርት ነው። አሲድ የሚያመነጭ ዝቃጭ ከተጠረጠረ ሌላ ሚዛን ይሠራል፤ በፓይራይት መልክ ላለ ለእያንዳንዱ 1 በመቶ ድኝ በአንድ ቶን ዝቃጭ 31.25 ኪሎግራም ኖራ ድንጋይ ያስፈልጋል። አፈሩ ውስጥ ያለው ኖራ ከዚህ ካነሰ አሲዱ አንድ ቀን ያሸንፋል።

ቁጥሩ ከመጣ በኋላ ንባቡ ይጀምራል። ካልተነካ አፈር ውስጥ እርሳስ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 50 ሚሊግራም በኪሎግራም ይገኛል። አሜሪካ ለመኖሪያ አፈር ለረጅም ጊዜ 400 ሚሊግራም በኪሎግራም እንደ መለያ ወሰን ስትጠቀም ኖራ በ2024 ወደ 200 አወረደችው። ወሰኑ የወረደው አፈሩ ስለተለወጠ አይደለም፤ እርሳስ በልጆች አእምሮ ላይ ጉዳት የማያደርስበት መጠን እንዳልተገኘ እየታወቀ ስለመጣ ነው። ስለዚህ የትኛውም ወሰን የአገሩ ሕግ፣ የመሬቱ አገልግሎትና የንጽጽሩ ናሙና ከጎኑ ሳይቀመጡ አይነበብም።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ሁለተኛው ጥያቄ፣ የመንገዱ ጥያቄ፣ ይመጣል፤ የሐርጌሳ አካባቢና የኢትዮጵያ ደቡብ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። በጉጂ ደኖች፣ በሻኪሶና በአዶላ ወርቅ ምድር፣ ዝናቡ ብዙ፣ አፈሩም ቀይና ወደ አሲድ ያደላ ነው። እዚያ ብረቶች ሟሙተው ከውሃ ጋር ይጓዛሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረመሩት ከዝቃጩ በታች ያሉት ምንጮችና ጅረቶች ናቸው። በደረቁ የሶማሌ ምድር አብዛኛው አፈር ኖራ የበዛበትና ፒኤቹ ከ7 በላይ ነው። እንዲህ ያለ አፈር አሲዱን ያበርዳል፣ እርሳስንና ዚንክን ባሉበት አስሮ ይይዛል። አርሴኒክ ግን በተቃራኒው ነው፤ ፒኤች ከፍ ሲል ከአፈር ቅንጣት ላይ እየለቀቀ ይሄዳል። ሌላው ነገር፣ ታስሮ የተያዘው እርሳስ አልጠፋም። ውሃ ባይወስደው ነፋስ ይወስደዋል፤ የሐጋ ወራት ኃይለኛ ነፋስ ከደረቀ ዝቃጭ ላይ አቧራውን አንስቶ ጣሪያ፣ የውሃ ገንዳና ማጀት ያደርሰዋል። በሆድ ውስጥ ደግሞ የጨጓራ አሲድ ኖራው ያሰረውን ይፈታዋል። በእርጥብ አገር ወንዙን የሚከተል መርማሪ በደረቅ አገር ነፋሱንና የልጁን እጅ መከተል አለበት።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ የተቀባዩ፣ ምን ያህል እንደሚከብድ ሁለት የአፍሪካ ሥፍራዎች ያሳያሉ። በዛምቢያ ካብዌ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን ብሮክን ሂል ይባል በነበረው ከተማ፣ እርሳስና ዚንክ በ1902 ተገኝቶ ማዕድኑ እስከ 1994 ሠራ። በ1921 ማዕድን ሠራተኞች ሲቆፍሩ እጅግ የቆየ የሰው ዘር የራስ ቅል አግኝተው ሥፍራውን ዝነኛ አደረጉት። ማዕድኑ ሲዘጋ የዝቃጭ ተራራው ሳይሸፈን ቀረ፤ በካሳንዳ፣ በማኩሉሉና በቾዋ መንደሮች የሚኖሩ ልጆች ደም ውስጥ እርሳስ በከፍተኛ መጠን ሲገኝ ኖሯል። ከተዘጋ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አፈሩ ግን እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው።

ሁለተኛው በሰሜን ናይጄሪያ ዛምፋራ ነው። በ2010 የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን ብዙ ሕፃናት በአንድ አካባቢ መሞታቸውን አስተዋለ። ምክንያቱ የወርቅ ድንጋይ ነበር፤ ድንጋዩ እርሳስ የበዛበት ሆኖ ሳለ ሰዎች ወደ መንደር አምጥተው በእህል ወፍጮ ይፈጩት ነበር። በእጅ በሚያዘው የኤክስሬይ መለኪያ በግቢዎች ውስጥ ሲለካ አንዳንዱ አፈር ከ100,000 ሚሊግራም በኪሎግራም በላይ እርሳስ ተገኘበት፤ ከአፈሩ አሥር እጅ አንዱ እርሳስ ነው ማለት ነው። ቢያንስ 400 ሕፃናት ሞተዋል። መፍትሔው በቅደም ተከተል መሄድ ነበረበት፦ ልጆቹን አክሞ ወደ ተበከለ ግቢ መመለስ ስለማይጠቅም መጀመሪያ የመንደሮቹ ገጸ አፈር ተጠርጎ ወጣ፣ በንጹሕ አፈር ተተካ፣ ከዚያ ሕክምናው ቀጠለ። ስምንት መንደሮች በዚህ መንገድ ሲጸዱ የመጨረሻዋ ባጌጋ በ2013 ተራዋ ደረሰ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ የለገደንቢ ወርቅ ማዕድን ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ሥፍራው የተተወ አይደለም፤ ነገር ግን የአካባቢው ነዋሪዎች የጤና ጉዳት ደርሶብናል ብለው ባነሱት ተቃውሞ የተነሳ በ2018 ፈቃዱ ታግዶ፣ ሥራው እንደገና የጀመረው በ2021 ነው። እንዲህ ባለ ክርክር ሁሉ ወሳኙ ማስረጃ ማዕድኑ ከመከፈቱ በፊት የተወሰደ የአፈርና የውሃ መነሻ ልኬት ነው። እሱ ካለ ክርክሩ በቁጥር ይዳኛል፤ ከሌለ እያንዳንዱ ወገን የየራሱን ያምናል። ለተተወ ሥፍራ ይህ ልኬት ብዙ ጊዜ የለም፤ ለዚህ ነው የንጽጽሩ ናሙና ያን ያህል ክብደት የሚሰጠው።

ውጤቱ ከታወቀ በኋላ የሚወሰደው እርምጃ እንደ መንገዱ ይለያያል። ጉድጓዱ ይታጠራል ወይም ይደፈናል። መንደር ውስጥ የገባ አፈር ይጠረጋል። የዝቃጭ ሜዳ በንጹሕ አፈርና በጠጠር ይሸፈናል፤ ዝናብ ባለበት ሥሩ ጥልቅ የሆነ ሣር ይተከልበታል፣ ዝናብ በሌለበት ግን ሣሩ ስለማይጸድቅ ጠጠሩ ራሱ ሽፋን ይሆናል። ጎርፍ በዝቃጩ ላይ እንዳያልፍ ከላይ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል። እስከዚያው ርካሹ መከላከያ ከቤት ይጀምራል፦ ከምግብ በፊት እጅ መታጠብ፣ ወለልን ደረቁን ከመጥረግ ውሃ ረጭቶ መጥረግ፣ የውሃ ማጠራቀሚያን መክደን፣ ከዝቃጩ ለግንባታ አፈር አለመውሰድ።

የምርመራው ፍጻሜ መዝገቡ ነው። የናሙናዎቹ ቦታና ጥልቀት፣ የንጽጽሩ ውጤት፣ የቤተ ሙከራው ማረጋገጫ፣ ካርታውና ፎቶው በአንድ ሰነድ ተያይዘው አንዱ ቅጂ በአስተዳደሩ፣ አንዱ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ፣ አንዱ በመንደሩ ሽማግሌዎች እጅ ይቀመጣል። ውጤቱ በመንደሩ ቋንቋ ይነገራል፤ «ይህን ያህል ሚሊግራም» ከማለት ይልቅ «ልጆች በዚህ በኩል አይጫወቱ፣ ፍየል በዚያ ትዋል» ተብሎ። ጥቂት ናሙና ለወደፊት ማመሳከሪያ ደርቆ ይቀመጣል፤ ቀጣዩ ልኬትም ከአንድ ወይም ከሁለት የጉ ዝናብ በኋላ በእነዚያው ነጥቦች፣ በእነዚያው ጥልቀቶች ይደገማል።